ኦኮት ፕቢቴክ፤ ተጠኚም አጥኚም የነበረ መምህር

በአገራችን አንድ ልጅ ከማያውቀው ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው የገዛ ስሙን ሳይሆን የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው። ልጁም የአባቱን፣ አስፈላጊ ሲሆንም የአያቱንና የትውልድ ቀበሌውን ስም ጠርቶ ሲመልስ፣ ጠያቂው ልጁን ያወቀው ያህል ይሰማዋል። ይህ ትንሽ የሰላምታ ልማድ አንድ ትልቅ ሐሳብ በውስጡ ይዟል። ይኸውም ሰው ብቻውን ሰው እንዳልሆነ፣ ማንነቱም ከወለዱት፣ ካሳደጉትና አብረውት ከሚኖሩት ጋር ተሳስሮ የሚገኝ መሆኑ ነው።

አንትሮፖሎጂ የሚባለውና የሰውን ልጅ ኑሮና ልማድ የሚመረምረው የዕውቀት ክፍል ይህንኑ ነገር በጥናት ለማወቅ የሚጣጣር ነው። የአንድ ሕዝብ ባህል የግለሰቡን ጠባይ እንዴት ይቀርጻል? ግለሰቡስ በተራው ማኅበረሰቡን እንዴት ይለውጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ለሊቃውንት ብቻ የተተዉ እንዳይመስሉን። ከአንድ ማኅበረሰብ የወጣ ልጅ ተቀብሎ ሌላ ዕውቀት የሚያስጨብጥ፣ ከዚያም ወደ ማኅበረሰቡ የሚመልስ መምህር፣ ወደደም ጠላም፣ በየቀኑ ከነዚህ ጥያቄዎች ጋር ይውላል። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ አፍሪካዊ መምህር፣ ባለ ቅኔና የባህል ተመራማሪ ሕይወት ለሥራ ባልደረቦቼ ባቀርብ ከዓላማችን የራቅሁ አይመስለኝም። ይህ ሰው የኡጋንዳው ኦኮት ፕቢቴክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ኦኮት በ1931 ዓ.ም. በሰሜን ኡጋንዳ፣ በጉሉ ተወለደ። ጉሉ ከካምፓላ በስተሰሜን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ የአቾሊ ሕዝብ አገር ዋና ከተማ ናት። የአቾሊ ቋንቋ ከሉኦ ቋንቋዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ በእኛ አገር በጋምቤላ የሚኖሩት አኝዋኮች ከሚናገሩት ቋንቋ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። አባቱ መምህር ነበሩ። እናቱ ደግሞ በአካባቢያቸው የታወቁ ዘፈን አውጪና ጭፈራ አዋቂ ነበሩ። ሁለቱም ወላጆቹ የፕሮቴስታንት ክርስትናን የተቀበሉ ቢሆኑም፣ በቤታቸው ውስጥ የአቾሊ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን አልተቋረጠም። እንግዲህ ሕፃኑ በአንድ በኩል የአባቱን የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ በሌላ በኩል የእናቱን ዜማ እየሰማ አደገ። በኋላ የሠራቸውን ሥራዎች ሁሉ ብንመረምር፣ ከእነዚህ ሁለት ድምፆች አንዱን ለሌላው ሲል ዝም ለማሰኘት እንዳልፈቀደ እንረዳለን።

የመጀመሪያ ትምህርቱን በጉሉ ከፈጸመ በኋላ በካምፓላ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ኪንግስ ኮሌጅ ቡዶ ገባ። ቡዶ በ1906 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በመጀመሪያው የመሳፍንትና የሹማምንት ልጆች የሚማሩበት፣ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም በምባራራ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሠልጥኖ፣ በጉሉ አጠገብ በሚገኘው በሰር ሳሙኤል ቤከር ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በዚያም ትምህርት ከመስጠቱ ሌላ የመዘምራን ቡድን ይመራ ነበር፤ እግር ኳስም ይጫወት ነበር።

ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ ላክ ታር የተባለውን ልብ ወለድ በአቾሊ ቋንቋ አሳተመ። ታሪኩ ለማግባት ፈልጎ ጥሎሽ የሚሰጠው ገንዘብ ስላጣ አንድ ድኻ ወጣት ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ካምፓላ ይወርዳል፤ በብዙ ድካም ያጠራቀማትንም ገንዘብ ወደ አገሩ ሲመለስ በመንገድ ይዘረፋል፤ ባዶ እጁን ይገባል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኦኮት የአንትሮፖሎጂን ስም ገና ሳያውቅ የአንትሮፖሎጂን ሥራ እንደ ጀመረ ልንል እንችላለን። የጋብቻ ልማድ፣ የገንዘብ ኤኮኖሚና የከተማ ኑሮ በአንድ ወጣት ልብ ውስጥ ተገናኝተው የሚያደርጉትን ትግል አሳይቷልና።

እዚህ ላይ ወጣቱ ባለ ታሪክ የወረደባትን ካምፓላን ጥቂት እንመልከት። ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። በአንደኛው ኮረብታ የቡጋንዳ ንጉሥ ግቢ፣ በሌሎቹ የየሃይማኖቱ ካቴድራልና መስጊድ፣ በማኬሬሬ ኮረብታ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. በእጅ ሥራ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ታላቅ የትምህርት ተቋም ይገኛል። በዚሁ በማኬሬሬ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮም እንግሊዛዊቷ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኦድሪ ሪቻርድስ የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆነው መሩት።

ሪቻርድስ የብሮኒስላው ማሊኖውስኪ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ማሊኖውስኪ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን በኒው ጊኒ አጠገብ በትሮብሪያንድ ደሴቶች ተቀምጦ፣ ተመራማሪ የሚያጠናውን ሕዝብ ቋንቋ ተምሮ፣ ከሰዎቹ መካከል ረጅም ጊዜ ኖሮ፣ ሥራቸውንና በዓላቸውን በዓይኑ አይቶ መጻፍ እንዳለበት ያስተማረ ሊቅ ነው። ሪቻርድስም በዛሬይቱ ዛምቢያ በቤምባ ሕዝብ መካከል ኖረው፣ ምግብ ለሰው ልጅ ኅብረት ያለውን ትርጉምና ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ የሚደረገውን ሥርዓት አጥንተዋል። በካምፓላ ተቋም ሳሉ ያሳተሙት የ1954 መጽሐፍ ደግሞ ከሩዋንዳ፣ ከቡሩንዲና ከሌሎችም አገሮች ለሥራ ወደ ቡጋንዳ የሚጎርፉትን ስደተኞች ኑሮ ይመረምራል። ተመራማሪዎቹ ስደተኛው ከማን መሬት እንደሚያገኝ፣ በማን ስም እንደሚጠራ፣ ልጆቹ በየትኛው ቋንቋ አፋቸውን እንደሚፈቱ ይከታተሉ ነበር። እንዲህ ባለው ጥናት የሰው ጠባይ ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት በግምት ሳይሆን በቤት ቆጠራ፣ በትውልድ ሐረግና በዕለት ኑሮ ማስረጃ ይታያል።

በአሜሪካ ደግሞ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የተከተሉ ሊቃውንት ነበሩ። ማርጋሬት ሚድ በ1928 ዓ.ም. ስለ ሳሞአ ልጃገረዶች አስተዳደግ፣ ሩት ቤኔዲክት በ1934 ዓ.ም. ስለ ባህል ዓይነቶች የጻፏቸው መጻሕፍት፣ እያንዳንዱ ባህል ለልጆቹ የራሱን ጠባይ የሚያወርስ መሆኑን ለማስረዳት የሞከሩ ናቸው። በእኛም አገር ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ በመንዝ ተቀምጦና የአዲስ አበባን ተማሪዎች መርምሮ፣ በ1965 ዓ.ም. ሰምና ወርቅ በሚል ስም ስለ አማራ ባህልና ጠባይ መጽሐፍ ማሳተሙን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ጥቅሙ የልጅ አስተዳደግን፣ ጨዋታን፣ ቅጣትንና ምስጋናን በትኩረት ማየቱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ሚሊዮን ነፍስ ያለውን ሕዝብ በአንድ ጠባይ ለመጠቅለል መቸኮሉ ነው። በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች እንኳ አንዱ ቁጡ፣ አንዱ ትዕግሥተኛ ሆነው እንደሚገኙ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ኦኮት እንመለስ። በ1956 ዓ.ም. የኡጋንዳ የእግር ኳስ ቡድን ለጨዋታ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄድ ወጣቱ መምህር ከተጫዋቾቹ አንዱ ሆኖ ሄደ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን እርሱ በዚያው ለትምህርት ቀረ። በመጀመሪያ በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የማስተማርን ሙያ፣ ቀጥሎ በዌልስ በአበሪስትዊስ ሕግን ተማረ። በመጨረሻም ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንትሮፖሎጂን አጠና። በዚያ ጊዜ በኦክስፎርድ ዋናው መምህር፣ የሱዳንን ኑዌሮችና አዛንዴዎች ያጠናው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነበር። ይህ ሊቅ በ1940 እና በ1941 ዓ.ም. በአኮቦ ወንዝ አካባቢ አኝዋኮችን አስከትሎ ከኢጣልያ ጦር ጋር የተዋጋ ስለ ሆነ ለአገራችን ታሪክም እንግዳ አይደለም።

ኦኮት በኦክስፎርድ ያጋጠመው ነገር ሕይወቱን የለወጠ ነው። ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፣ በ1960 ዓ.ም. ገና የመጀመሪያውን ትምህርት ለመስማት ሲቀመጥ፣ መምህሩ አፍሪካውያንንና ሌሎች ሕዝቦችን ያልሠለጠኑ፣ አረመኔና ኋላ ቀር እያለ ሲጠራ ሰማ። ኦኮት ተቃወመ፤ ነገር ግን የሰማው አልነበረም። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን በልብህ አስበው። በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ሌሎች ተማሪዎች ስለ ሩቅ ሕዝብ ይማሩ ነበር። እርሱ ግን በዚያ ቃል የተጠሩት እናቱ፣ አጎቶቹና የትውልድ መንደሩ ሰዎች ነበሩ። ተጠኚውና አጥኚው በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ሰው ውስጥ ተቀመጡ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከሁለቱ አንዱን ያደርግ ነበር። ወይ ተቆጥቶ ትምህርቱን ይተዋል፤ ወይ የእናቱን ዘፈን ረስቶ እንደ መምህሮቹ መናገር ይለምዳል። ኦኮት ግን ሦስተኛ መንገድ ያዘ። የዕውቀቱን መሣሪያ ተቀበለ፤ ስድቡን ግን መለሰ። የምርምር ጽሑፉንም ስለ አቾሊና ስለ ላንጎ ሕዝቦች የቃል ሥነ ጽሑፍና ስለ ማኅበራዊ መሠረቱ አደረገ። በ1963 ዓ.ም. አካባቢ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ኡጋንዳም በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ነፃነቷን አግኝታ ነበር። በማኬሬሬም ማስተማር ጀመረ፤ በኮሌጁ የውጭ ትምህርት ክፍል በኩልም ወደ ጉሉ ተመልሶ በወገኖቹ መካከል ሠራ።

በ1966 ዓ.ም. በናይሮቢ የታተመውና ስሙን በዓለም ያሰማው የላዊኖ ዘፈን የተባለው ረጅም ግጥም የዚህ ጊዜ ፍሬ ነው። ግጥሙ አስቀድሞ በአቾሊ ቋንቋ የተደረሰ ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውም ደራሲው ራሱ ነው። ላዊኖ ያልተማረች የአቾሊ ሴት ናት። ባልዋ ኦቾል በዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተመለሰ፣ እርስዋንና የወገኖቹን ልማድ የናቀ፣ እንደ ነጭ ሴት የምትለብስና የምትቀባ ሌላ ወጣት የወደደ ሰው ነው። ላዊኖ የደረሰባትን በደል ለወገኖችዋ ትናገራለች። ስለ ጭፈራው፣ ስለ ጠጉር አሠራሩ፣ ስለ ማድቤቱ ድንጋይና ስለ ምጣዱ፣ ስለ ሰዓት ቆጠራው፣ ስለ ሕፃናት ስም አወጣጥ፣ ስለ ፖለቲካ ማኅበሮች ጠብ እያነሣች ትወቅሳለች። እያንዳንዱ ወቀሳ አንድ የአንትሮፖሎጂ ምዕራፍ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የሚለየው፣ የምትመረመረው ሴት ራስዋ ተናጋሪ፣ ተመራማሪው የተማረ ሰው ደግሞ ተመርማሪ መሆኑ ነው።

ለእኛ ለመምህራን በተለይ የሚከብደው ላዊኖ ለጥምቀት ስትማር ያየችውን የምትናገርበት ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል መምህሩን ተከትለው በአንድነት እየጮኹ ይደግማሉ። ጥያቄ የሚጠይቅ ግን ይገሠጻል። ላዊኖ ትምህርትን አልጠላችም፤ ያልገባትን እንድትደግም መገደድን እንጂ። ኦቾልም ክፉ ሆኖ የተወለደ ሰው አይደለም። የተማረበት ቤት፣ ዐዋቂ ለመሆን ከሁሉ አስቀድሞ የእናትን ቤት መናቅ ያስፈልጋል የሚለውን ትምህርት በቃል ሳይሆን በሥራ ስላስተማረው፣ ራሱን የሚጠላ ሰው ሆኖ ወጣ። በ1970 ዓ.ም. ኦኮት የኦቾልን መልስ በሌላ ግጥም ሲያወጣ፣ በዚያ ሰው ቁጣ ውስጥ የተደበቀውን ኅፍረት ገለጠ። ባህል፣ ጠባይና ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ሊታይ አይችልም። ማኅበረሰቡን የተለየ ትምህርት የሰውየውንም ጠባይ ሰብሮታልና።

በዚያው በ1966 ዓ.ም. ኦኮት በካምፓላ የሚገኘው የኡጋንዳ ብሔራዊ የባህል ማዕከልና ቴአትር ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ለዚህ ሹመት ከኡጋንዳውያን መካከል የመጀመሪያው እርሱ ነው። ቴአትሩ በ1959 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ በብዛት የውጭ አገር ድርሰት የሚታይበት ቤት ነበር። ኦኮት ግን የገጠሩን ጭፈራና ዘፈን ወደ ካምፓላ መድረክ አመጣ፤ በጉሉም የኪነ ጥበብ በዓል አቋቋመ። ዳሩ ግን ሹመቱ አልረዘመም፤ ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ ከሥራው ተባረረ። ለዚህም ምክንያቱ ፖለቲከኞችን የማይፈራው አንደበቱ ነው ተብሎ ይታመናል። ወደ ኬንያ ተሻግሮ በኪሱሙ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የውጭ ትምህርት ሠራተኛ ሆነ፤ በ1968 ዓ.ም. በዚያም የኪነ ጥበብ በዓል አዘጋጀ። በጥር 1971 ዓ.ም. ኢዲ አሚን የኡጋንዳን መንግሥት በጦር ኃይል ሲይዝ ደግሞ ስደቱ ረዘመ። ከወገኖቹ ከአቾሊዎች ብዙዎቹ በዚያ አገዛዝ ተገድለዋል። እርሱም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በናይጄሪያ በኢፌ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ቆየ።

በዚህ የስደት ዘመን ካሳተማቸው የጥናት መጻሕፍት ውስጥ አንዱ በምዕራባውያን ሊቃውንት ስለ አፍሪካ ሃይማኖቶች የተጻፈውን የሚመረምር፣ ሌላው ደግሞ ስለ መካከለኛው ሉኦ ሕዝብ ሃይማኖት የሚተርክ ነው። በእነዚህ ውስጥ የሚገኝ አንድ ታሪክ ለማንኛውም ጠያቂ ትምህርት የሚሆን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኢጣልያውያን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የአቾሊ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ማን እንደ ፈጠራቸው ጠየቋቸው። በሉኦ ቋንቋ ከምንም ነገር አንሥቶ መፍጠርን የሚገልጽ ራሱን የቻለ ቃል ስለሌለ፣ ጥያቄው ሽማግሌዎቹ ጆሮ ሲደርስ ሸክላ እንደሚሠራ ሰው ማን ቀረጻችሁ የሚል ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሰው ከእናቱ እንደሚወለድ እንጂ እንደማይቀረጽ ስለሚያውቁ፣ አናውቅም ብለው መለሱ። ሚሲዮናውያኑ ግን መልስ ሳያገኙ ለመሄድ አልፈቀዱም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ ጀርባን የሚያጎብጥ ክፉ በሽታ እንዳለና ሰውን እንደዚያ አጣምሞ የሚቀርጸው ሩባንጋ የተባለ መንፈስ እንደ ሆነ ትዝ ብሎት ተናገረ። ሚሲዮናውያኑም የፈለጉትን አገኘን ብለው፣ የሰማይና የምድር ፈጣሪ ስሙ ሩባንጋ ነው ብለው ጻፉ፤ ሰበኩበትም።

ይህ ታሪክ በሃይማኖት ላይ የተቃጣ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሚሲዮናውያኑ ቅን ሐሳብ ነበራቸው፤ ሽማግሌዎቹም እውነቱን ተናግረዋል። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ጥያቄው የተነሣው ከጠያቂው ባህል ስለ ሆነ፣ በተጠያቂው ባህል ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም። ኦኮትም ከዚህ ተነሥቶ ጠንከር ያለ ፍርድ ሰጠ። የአውሮፓ ሊቃውንት የአፍሪካን አማልክት አጥላልተው ጻፉ፤ የአፍሪካ ሊቃውንት ደግሞ ለወገናቸው ክብር ሲሉ እነዚያኑ አማልክት የግሪክ ካባ አለበሷቸው፤ ሁለቱም ግን ሕዝቡ በእውነት የሚያምነውን አላዳመጡም አለ። በሌላው አህጉር የሚኖረውን ሕዝብ ኋላ ቀር ብሎ ለማጥናት የተቋቋመ ትምህርትም በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ስፍራ ሊኖረው አይገባም እስከ ማለት ደረሰ። እርሱ ግን የሰውን ኑሮ መመርመርን አልተወም። በ1974 ዓ.ም. የአቾሊን ዘፈኖች፣ በ1978 ዓ.ም. ተረቶቹን ሰብስቦ አሳተመ።

ከሞቱ በኋላ በ1986 ዓ.ም. በታተሙት ድርሰቶቹ ውስጥም የሰውን ማንነት የሚመለከት ሐሳቡን እናገኛለን። ሩሶ ሰው ነፃ ሆኖ ተወለደ ማለቱን ኦኮት አይቀበለውም። ሰው ሲወለድ የአንዲት እናት ልጅ፣ የእገሌ ወንድም፣ የእገሌ ጎሣ ሆኖ ነው፤ እትብቱ ሲቆረጥ እንኳ ከሰው የሚያስተሳስረው ገመድ አይቆረጥም ባይ ነው። ለእርሱ ይህ ገመድ እስራት ሳይሆን የሰውነት መሠረት ነው። ሰው ከልጅነት፣ ከወንድምነት፣ ከባልነትና ከአባትነት ውጭ ምን ይቀረዋል ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ሐሳብ ውስጥ በጽሑፌ መጀመሪያ ያነሣሁት የአገራችን ሽማግሌዎች ጥያቄ ይሰማኛል።

ይሁን እንጂ አንድን ሰው ማክበር ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። ላዊኖ የምታሞግሰው የአቾሊ መንደር ችግር የሌለበት ሆኖ መቅረቡን የተቃወሙ አንባብያን ነበሩ። ገመዱ የሰውነት መሠረት ቢሆንም አንዳንዴ ይከረክራል፤ በተለይ ሴቶችና ድኾች ያውቁታል። ደግሞም ሪቻርድስና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ከልዩ ልዩ አገር መጥቶ በቡጋንዳ የሚኖር ሠራተኛ ማኅበረሰቡ አንድ ብቻ አይደለም። ኦኮት ራሱ የመንደር ልጅ ብቻ ሳይሆን የቡዶ፣ የኦክስፎርድና የናይሮቢ ልጅ ነበር። ባህል በሣጥን ተቆልፎ የሚወረስ ዕቃ ሳይሆን በየትውልዱ የሚታደስ ነገር ለመሆኑ ከሕይወቱ የበለጠ ምስክር የለም።

የአሚን አገዛዝ በሚያዝያ 1979 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ኦኮት ወደ ኡጋንዳ ተመለሰ፤ በ1982 ዓ.ም.ም በማኬሬሬ የድርሰት ጥበብ መምህር ሆነ። ግን በተመለሰበት ወንበር ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በ51 ዓመቱ በካምፓላ ዐረፈ። በልጅነቱ ለትምህርት የመጣባት፣ የሾመችውና ያባረረችው ከተማ የመጨረሻ ማደሪያው ሆነች። የሰበሰባቸው የአቾሊ ምሳሌያዊ አነጋገሮችም በ1985 ዓ.ም. ታተሙ።

ይህን ሕይወት የጻፍሁት ለአድናቆት ብቻ አይደለም። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ከፊት ቆመው ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ አዘዝሁ። አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ደጋግሜ ብጠይቀው አልመለሰም። በመዝገቤ ላይ ዐይነ አፋር፣ ተሳትፎ የሌለው ብዬ ጻፍሁ፤ ነጥቡንም ቀነስሁ። ከወራት በኋላ ወደ ቤቱ ስሄድ ያው ልጅ የከብቶቻቸውን ስም፣ የአያቱን ታሪክ፣ የጎረቤቱን የድንበር ክርክር ሳይቀር አንድ ሳይስት አጫወተኝ። አያቱ ሲነግሩኝ፣ በደንብ ያደገ ልጅ በታላቅ ፊት ስለ ራሱ አያወራም። ልጁ ንግግር አላጣም፤ እኔ ነኝ በባህሉ ውስጥ ማረፊያ የሌለው ጥያቄ የጠየቅሁት። ሚሲዮናውያኑ ያንን ሽማግሌ እንዳስጨነቁት ሁሉ እኔም ልጁን አስጨንቄው ነበር፤ በመዝገቡ የጻፍሁት ጠባይም የእኔ ስሕተት እንጂ የልጁ ጠባይ አልነበረም። የቀነስሁትን ነጥብ ግን የዓመቱ ውጤት ስለ ተላለፈ መመለስ አልቻልሁም።

ዛሬ በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ዕጩ መምህራንን ለልምምድ ስንልክ የትምህርት ዕቅዳቸውን፣ የሰሌዳ አጻጻፋቸውንና የድምፃቸውን ከፍታ እንመረምራለን። ወደሚሄዱበት ቀበሌ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ ታላቅ በምን ቃል እንደሚጠራ፣ ዝምታ በዚያ ምን ማለት እንደ ሆነ እንዲጠይቁ ግን ምን ያህል ጊዜ አዘናል? ይህን ለማወቅ ኦክስፎርድ መሄድ አያስፈልግም። በሠርግና በለቅሶ መገኘት፣ ከወላጆች ጋር መቀመጥ፣ ከመጻፍ አስቀድሞ ማዳመጥ ይበቃል። ከእኛው አካባቢ የወጣው አሥመሮም ለገሠም በቦረና መካከል ተቀምጦ በ1973 ዓ.ም. ስለ ገዳ ሥርዓት ያሳተመው መጽሐፍ፣ የአፍሪካን ተቋሞች አፍሪካዊ በጥልቀት ሲያጠናቸው ዓለም ምን ሊማር እንደሚችል አሳይቷል።

ኦኮት ፕቢቴክ የመምህር ልጅ፣ ራሱም ሠልጥኖ የወጣ መምህር ነበር። ከትምህርት ቤቶቻችን በየዓመቱ የሚወጡት ልጆች እንደ ኦቾል የእናታቸውን ምድጃ የሚያፍሩበት፣ ወይም እንደ ኦኮት የእናታቸውን ዜማ ይዘው ዓለምን የሚናገሩ ይሆኑ ዘንድ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠየቀው በእኛ ክፍል ውስጥ ነው። ልጁን የማን ልጅ ነህ ብለን ከመጠየቃችን በፊት መልሱን ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ ይኑረን።